በደሴ ፒያሳ ያለ መጻሕፍት ማከራያና የሞሐመድ ሃታ ማስታወሻ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ መጻሕፍት የሚያከራዩ ቤቶች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ከእነርሱ መካከል አንዱ ግን መጽሐፍ አከራይቶ ብቻ አያበቃም። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ሲሆኑ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመሪዎች የሕይወት ታሪክ ለሚከራይ ሰው ራሳቸው በአማርኛ ያዘጋጁትን ማስታወሻ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ። ከማስታወሻዎቹ ሁሉ የቤቱን ብርታትም ድክመትም በግልጽ የሚያሳየው ስለ ኢንዶኔዥያው የመጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንት ስለ ሞሐመድ ሃታ የተዘጋጀው ስለሆነ፣ በእርሱ ላይ አተኩራለሁ።

አከራዩ መታወቂያ ይመዘግባሉ፣ ለመጽሐፉ መያዣ ይቀበላሉ፣ ሲመለስም የሳምንቱን ኪራይ ቀንሰው ቀሪውን ይሰጣሉ። መጽሐፉ ላስቲክ ለብሶ፣ ማስታወሻው በወፍራም ካርቶን ተጠርዞ ነው የሚወጣው። የመምህሩ የእጅ ጽሑፍ ጎላ ያለና ለዓይን የማይከብድ ሲሆን፣ በየገጹ ኅዳግ ላይ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ የገጽ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ስለተጻፈ አንባቢው የተጠራጠረውን ወዲያው ማመሳከር ይችላል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ታትመው በሚሸጡ ብዙ ትርጉሞች ላይ አላየሁም።

የማስታወሻው የመጀመሪያ ክፍል በጣም ጥሩ ነው። ሃታ እ.ኤ.አ. በ1902 በምዕራብ ሱማትራ በቡኪቲንጊ ተወለዱ፤ አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ገና የወራት ሕፃን ሳሉ ነው፤ የአባታቸው ወገን ደግሞ የታወቀ የሱፊ ሸይኽ ቤተሰብ ነበር። የሸይኽ ቤት ልጅ ምን ዓይነት አስተዳደግ እንደሚጠብቀው ለወሎ አንባቢ ማስረዳት ስለማያስፈልግ መምህሩ ይህን በአጭሩ አልፈው በ1921 ቅኝ ገዢዋ ኔዘርላንድ ውስጥ ወዳለችው ሮተርዳም ለትምህርት ወደ ሄዱት ወጣት ይሻገራሉ። ሃታ በዚያ የኢኮኖሚ ትምህርት እየተከታተሉ የአገራቸውን ተማሪዎች የነፃነት ማኅበር መሩ፤ በ1927 ታሰሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሄግ ላይ ፍርድ ቤት ቀርበው የቅኝ አገዛዙን የሚያወግዝ ረጅም የመከላከያ ንግግር ካሰሙ በኋላ በነፃ ተለቀቁ።

በ1932 ወደ አገራቸው ቢመለሱም ብዙ ሳይቆዩ እንደገና ተይዘው፣ ወባ ወደ በረታበት በፓፑዋ ጫካ ውስጥ ወዳለው ቦቨን ዲጉል፣ ከዚያም ወደ ባንዳ ኔይራ ደሴት ተጋዙ። ወደ ግዞት ሲሄዱ 16 ሳጥን መጻሕፍት ይዘው ነበር፤ በደሴቱም ከግዞት ጓደኛቸው ከሱታን ሻህሪር ጋር የአካባቢውን ልጆች ያስተምሩ ነበር። ነሐሴ 17 ቀን 1945 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከሆኑት ከሱካርኖ ጋር ሆነው የኢንዶኔዥያን ነፃነት አወጁ። አገሬ ነፃ ሳትወጣ አላገባም ብለው ስለነበር የተሞሸሩት በዚያው ዓመት ኅዳር ነው፤ ለሙሽራዪቱ በመህርነት የሰጧትም ራሳቸው ስለ ግሪክ ፍልስፍና የጻፉትን መጽሐፍ ነበር።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ስለ ኅብረት ሥራ የተጻፈው ምዕራፍ ነው። የ1945ቱ ሕገ መንግሥት 33ኛ አንቀጽ ኢኮኖሚው በቤተሰባዊ መንፈስ በጋራ ጥረት እንዲገነባ ይደነግጋል፤ ከሐሳቡ በስተጀርባ ያሉት ሃታ ሲሆኑ፣ በ1953 ባንዱንግ ላይ የተካሄደው ጉባኤ የኢንዶኔዥያ ኅብረት ሥራ አባት ብሎ ሰይሟቸዋል። ለእርሳቸው ኅብረት ሥራ ማለት አባላት ራሳቸው ቆጥበው፣ ራሳቸው ወስነው፣ ራሳቸው የሚቆጣጠሩት ተቋም ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ዘይትና ስኳር ለመግዛት ሸማቾች ማኅበር በር ላይ የተሰለፈ፣ ነገር ግን አንድም ቀን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድምፅ ያልሰጠ አባል ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ብዙ ጥያቄ ይነሣበታል። የማኅበራት ቦርድ አባላት ሁሉ ተከራይተው ቢያነቡት ከልቤ ደስ ይለኛል።

ድክመቱ የሚጀምረው መምህሩ ለሰውዬው ያላቸው ፍቅር ሲያይል ነው። በጃፓን ወረራ ዘመን ሃታ ከወራሪው አስተዳደር ጋር መሥራታቸው በአንድ መስመር ታልፏል። በ1948 ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በጃቫ ደሴት በማዲዩን ከተማ የተነሣው የኮሚኒስቶች አመፅ በብዙ ደም መፍሰስ መደምሰሱ ጭራሽ አልተነሣም። በታኅሣሥ 1956 ከምክትል ፕሬዚዳንትነት የለቀቁበት ምክንያት፣ ማለትም ሱካርኖ ሥልጣንን ወደ አንድ እጅ ለመሰብሰብ መሄዳቸውን አለመቀበላቸው፣ ሰፊ ትንታኔ የሚገባው ሆኖ ሳለ በግማሽ ገጽ ተወስኗል። በአንጻሩ ሊገዙት ተመኝተው ገንዘቡ ሳይሞላላቸው እንደቀረ ስለሚነገረው ባሊ (Bally) ስለተባለ የስዊዘርላንድ ጫማ ሁለት ሙሉ ገጽ ተሰጥቷል። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ሆኖም የአንድ መሪ ንጽሕና የሚመዘነው ሥልጣንን በለቀቀበት ውሳኔ ጭምር ነውና ሚዛኑ መስተካከል አለበት።

ስለ ቤቱ አገልግሎት የምነቅፈው ጥቂት ነው። ማንበቢያው ጥግ ጠባብ ነው፤ በክረምት ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድና መብራት ሲጠፋ ተቀምጦ ማንበብ አይቻልም። የመጻሕፍቱ ዝርዝር በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ስላለ፣ እርሳቸው በሌሉበት የሚሸፍነው ወጣት ምን እንዳለ ማወቅ ይቸግረዋል። የሃታ ማስታወሻ ደግሞ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚፈልግ ሰው ስሙን በወረፋ መዝገቡ ላይ አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት። መምህሩ ፈቃደኛ ሆነው ሁለተኛ ቅጂ በኮምፒውተር ቢያስተይቡ፣ ያን ጊዜም ስለ ማዲዩንና ስለ 1956ቱ መልቀቂያ የጎደሉትን ገጾች ቢጨምሩበት፣ የማስተየቢያውን ወጪ ለመጋራት ዝግጁ የሆንን ደንበኞች አለን።