ለሲስተር ምስጋና፣ ልጅ ለማስመዝገብ ላሰባችሁ የድሬዳዋ ወላጆችም ጥቆማ

በከተማችን ድሬዳዋ ከሚገኙት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በአንዱ በርዕሰ መምህርትነት ሲያገለግሉ የቆዩት ሲስተር፣ ማኅበራቸው ወደ ሌላ አካባቢ ስለመደባቸው በዚህ የትምህርት ዘመን መጨረሻ ይለዩናል። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስለማይወዱ አልጠቅሰውም፤ ልጁን እዚያ ያስተማረ ወላጅ ግን ስለ ማን እንደምናገር ያውቃል። ልጆቼ በእሳቸው እጅ ስላደጉ፣ እኔም ሙስሊም ወላጅ ስለሆንኩ፣ የሠሩትን መመስከር ይገባኛል።

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው የተገነባች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከነዋሪዋ ከመቶ 70 የሚበልጠው ሙስሊም፣ ሩብ ያህሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ሲሆን፣ ካቶሊኮች ከመቶ 1 እንኳ አይሞሉም ነበር። ስለዚህ እዚህ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው በየክፍሉ የሚያገኛቸው ልጆች አብዛኞቹ የሌላ እምነት ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤቱን ማንነት ደብቆ ሁሉንም ወላጅ ለማስደሰት መሞከር በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚፈተንበት ነገር ይመስለኛል። ሲስተር ይህን አንድም ቀን አላደረጉትም፤ ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸውም ለዚህ ነው።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ማንም ወላጅ የመመዝገቢያ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት፣ አዳዲስ ወላጆችን አዳራሽ ሰብስበው ሁሉንም በግልጽ ይነግሩናል። ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን መሆኑን፣ መስቀሉም ከግድግዳው እንደማይወርድ ይናገራሉ። የካቶሊክ ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ የሚማሩት ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጪ መሆኑንና ወላጁ በጽሑፍ ካልጠየቀ በስተቀር ሌላ ልጅ ወደዚያ ክፍል እንደማይገባም ያስረዳሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው፣ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተፅዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት እንደሚደነግግ አንብበው ያሰሙናል። ቃላቸውም ቃል ሆኖ ቆየ። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ሁሉም ልጅ ለአጭር ጊዜ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ልጄ በዚያች ጊዜ ቤት ያስተማርኩትን ዱዓ ሲያደርግ ጎኑ የቆመው ጓደኛው ያማትባል።

ወላጅን በእውነት የሚያሳስበው ግን ምሳ ዕቃ ነው። በአገራችን ሙስሊሙ የክርስቲያን እርድ፣ ክርስቲያኑም የሙስሊም እርድ እንደማይበላ የታወቀ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ያየውን ይቀምሳል፣ ለወደደውም ያጎርሳል። አንዳንድ ወላጆች ልጆቹ በየሃይማኖታቸው ተለይተው እንዲቀመጡ ጠይቀው ነበር። ሲስተር ይህን አልተቀበሉም። ይልቁንም ሽሮ፣ ምስር፣ ዳቦና ፍራፍሬ የሚያመጣ ልጅ ለፈለገው እንዲያካፍል፣ ሥጋ ያመጣ ልጅ ግን የራሱን ብቻ እንዲበላ ደንብ አወጡ፤ የመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚቶችም የእያንዳንዱን ልጅ ምግብ እንዲያውቁ አደረጉ። በወላጆች ቀን የሚቀርበው ማዕድ ደግሞ ሁልጊዜ የጾም ምግብ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመውም፣ ስለ እርዱ የሚጠነቀቀውም ከአንድ ትሪ ይበላል። የሥጋ ድግስ ካልተደረገ ክብር የጎደለ ለሚመስላቸው ወላጆች ይህን ደጋግመው በትዕግሥት ሲያስረዱ ሰምቻለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ስለገባ፣ ከፍ ያሉት ልጆች ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ጾመኛ ሆኑ። በድሬዳዋ ሙቀት የሚጾም ልጅ እኩለ ቀን ላይ ኳስ እንዲጫወት ማድረግ ተገቢ ስላልሆነ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ወደ ጠዋቱ መጀመሪያ አዛወሩት፤ ፈተናም ከረፋዱ በፊት እንዲያልቅ አደረጉ። የዓርቡን የምሳ ዕረፍት ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደሚያደርጉት ከ5፡30 እስከ 7፡30 አድርገውት ስለነበር፣ ልጆቻችን ጁምዓ ሰግደው ለመመለስ ፈቃድ መለመን አላስፈለጋቸውም።

አንድ ጊዜ አንድ መምህር ክፍል ውስጥ የሌላውን እምነት ጾም የሚያናንቅ ቃል ተናግሮ ነበር። ወሬው በልጆቹ በኩል ቤታችን ከመድረሱ በፊት ሲስተር ራሳቸው ስልክ ደውለው የሆነውን ሳይሸፋፍኑ ነገሩን፤ በማግስቱም መምህሩ በተማሪዎቹና በወላጆች ፊት ይቅርታ ጠየቀ። ጉዳዩን በቢሮ ውስጥ ጨርሰውት ቢሆን ኖሮ ማናችንም ላናውቅ እንችል ነበር። እኔ በበኩሌ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ልጆቼ እምነት በትምህርት ቤቱ ላይ ስጋት አድሮብኝ አያውቅም።

ሲስተር፣ አላህ ኸይር ጀዛዎን ይክፈልዎ፤ በሚሄዱበትም ጤናና ብርታት ይስጥዎ።

ለመጪው ዓመት ልጅ ለማስመዝገብ ያሰባችሁ ወላጆች፣ ደንቦቹ በጽሑፍ የሰፈሩ ስለሆኑና በምክትልነት አብረዋቸው የሠሩት መምህርት ኃላፊነቱን ስለሚረከቡ፣ ትምህርት ቤቱን ያለ ስጋት እጠቁማችኋለሁ። መስቀል ባለበት ክፍል ልጁ እንዲማር የማይፈልግ ወላጅ ግን ሌላ ቦታ ቢፈልግ ለሁሉም ይሻላል፤ ሲስተርም ለጠየቃቸው ሁሉ የሚመልሱት ይህንኑ ነበር። ስትሄዱ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የቀድሞ ውጤት ካርድ ያዙ፤ በምዝገባ ቅጹ ላይ ስለ ልጁ ጾምና ምግብ የሚጠይቀውን ክፍልም ባዶ አትተዉት፤ ሞግዚቶቹ የሚመሩት በዚያ ነው።