ለእረፍት አዲስ አበባ ገብታችሁ ብትታመሙ፦ የግል ክሊኒኮቹ አገልግሎት

ለእረፍት አዲስ አበባ የገባ ሰው ቢታመም ሐኪም አያጣም። ለንደን ወይም ቶሮንቶ ስፔሻሊስት ለማየት ወር ሲቆጥር የሚከርም ሰው፣ እዚህ ጠዋት ካርድ አውጥቶ፣ ደም ሰጥቶ፣ አልትራሳውንድ ታይቶ ማታ መድኃኒቱን ይዞ ቤቱ ይገባል። በዚህ በኩል የግል ክሊኒኮቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ብዙ ስፔሻሊስቶች ግን ቀን ሌላ ሆስፒታል ስለሚሠሩ ወደ ክሊኒኩ የሚመጡት ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ሳትደውሉ ሄዳችሁ ካርድ ብታወጡ፣ ጠቅላላ ሐኪም አይቷችሁ «ማታ ተመለሱ» ልትባሉ ትችላላችሁ።

የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው። ካርድ፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ፣ ሁሉም መጀመሪያ ካሸር ጋ ተከፍሎ ነው፤ ለሚተኛ ታካሚም ማስያዣ ይጠየቃል። በውጭ አገር የባንክ ካርድ አትመኩ፣ ብር ወይም ቴሌብር ያዙ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአገር ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። የጉዞ ኢንሹራንስ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ከፍሎ ነው በኋላ የሚያስመልሰው። ለዚህ የሚያስፈልገው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ደግሞ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ፣ ፀሐይ ካገኘው ጽሑፉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ እዚያው ካሸሩ ፊት ፎቶ አንሱት። ስማችሁ ልክ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ። ቀኑንም ተመልከቱ፦ ጥቅምት 5 ቀን የታከመ ሰው ማስረጃው ላይ 5/2/2018 ተብሎ ከተጻፈ፣ ውጭ ያለው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ከሰባት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ይመስለዋል። ከጎኑ «ኦክቶበር 15፣ 2025» ተብሎ እንዲጨመርበት ጠይቁ።

ከእንግሊዝ ወይም ከስዊድን የመጣ የስኳር ታካሚ «126 ነው» ሲባል ይደነግጣል። እዚህ የደም ስኳር የሚለካው በሚሊግራም በዴሲሊትር ስለሆነ ቁጥሩን ለ18 ማካፈል ነው፤ የለመደው 7 ይወጣል። ለክሪያቲኒን (ለኩላሊት ምርመራው) ግን ይህ ስሌት አይሠራም፣ እሱ በ88.4 ይባዛል።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ትኩሳት ሲይዛችሁ ነው። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚለው መልስ በጣም ይፈጥናል። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዊዳልና ዌል ፌሊክስ ከሚባሉ ምርመራዎች ነው። ዊዳል ባክቴሪያውን አያገኝም፤ የሚለካው ሰውነት ጀርም ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው፣ አንቲቦዲ ደግሞ ከድሮ ሕመምም ሆነ ከሌላ ኢንፌክሽን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የአንቲቦዲው መጠን 1፡80 ወይም 1፡160 ስላለ ብቻ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም። የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ከመዋጣችሁ በፊት የደም ካልቸር (ከደም ጀርሙን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይሠራልኝ በሉ። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፤ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የተቀዳ ደም ግን ጀርሙ እያለም ላያሳይ ይችላል። አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ ወይም መተማ ወርዳችሁ ከነበረ ቦታውን በስም ንገሩ። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ሐኪሙ ወባን ላያስብ ይችላል። ምርመራው «ወባ የለም» ቢልም ትኩሳቱ ካልለቀቀ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገም። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚነሳ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ቢያተኩሳችሁም ለሐኪማችሁ መጀመሪያ የምትነግሩት ኢትዮጵያ ቆይታችሁ መምጣታችሁን ይሁን።

የዘወትር መድኃኒታችሁን ከነማሸጊያው፣ ከቆይታችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስበልጣችሁ ያዙ። ቢያልቅባችሁ «ኖርቫስክ» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ አምሎዲፒን ብላችሁ፣ ሚሊግራሙን ጨምራችሁ ጠይቁ። አንዱ ፋርማሲ ያጣውን ከነማ ወይም የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ሊያገኝላችሁ ይችላል።

ጥርስ ለማሠራት ያሰበ ሰው በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይሂድ። የጥርስ ሽፋን ጥርሱ ተሞርዶ፣ ልኬት ተወስዶ፣ ተሠርቶ እስኪገጠም ቢያንስ ሁለት ቀጠሮ ይፈልጋል፤ ንክሻው ከፍ ካለ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ይጨመራል። ኢምፕላንት (መንጋጋ ላይ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) አጥንት እስኪይዘው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ስለሚፈጅ በአንድ ጉዞ አያልቅም፤ የተተከለውን ኢምፕላንት ስምና መጠን አስጽፋችሁ ካልሄዳችሁ እዚያ ያለው ሐኪም የሚገጥመውን ክፍል አያውቅም።