ለውርጭ የተገዛ የሽፈራው ጭማቂ፦ በጥቅል ጎመን ላይ ያየሁት ውጤት

ደብረ ብርሃን ላይ ጎመን የሚያለማ ሰው ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ሰማዩን ሳያይ አይተኛም፤ ደመና የሌለበት ጸጥ ያለ ሌሊት ከሆነ ሲነጋ ማሳው ነጭ ለብሶ እንደሚጠብቀው ያውቃልና። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ፈርቼ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የግብርና ግብዓት መሸጫ «ከሽፈራው ቅጠል የተዘጋጀ የዕፅዋት ማነቃቂያ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸውን ሁለት ባለ 1 ሊትር ጠርሙሶች ገዛሁ። ሻጩ «ይህ ካለዎት ማዳበሪያም ጸረ ተባይም አያስፈልግዎትም» ብሎኝ ነበር። አንድ ወቅት ሙሉ ከተጠቀምኩበት በኋላ የምመሰክረው ግን ከዚህ ይለያል፦ ምርቱ ይሠራል፣ የሚሠራውም ብርዱና ድርቀቱ ከመድረሱ በፊት ሲረጭ ነው፤ ማዳበሪያንም ሆነ ጸረ ተባይን አይተካም።

የጎመን ዘመዶች ሁሉ፣ ጥቅል ጎመኑም የአበሻ ጎመኑም ሰናፍጩም፣ የራሳቸው መከላከያ አላቸው። ሰናፍጭ ሲደቆስ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ነገር በደረቁ ፍሬ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም፤ ድኝ ያለበት ግሉኮሲኖሌት የተባለ ውህድና እሱን የሚሰብረው ኢንዛይም ተለያይተው ይቆዩና፣ ፍሬው ሲደቅ ወይም ትል ቅጠሉን ሲቀረጥፍ ተገናኝተው ያን የሚያቃጥል ሽታ ይፈጥራሉ። ለብርድና ለድርቀት ደግሞ ተክሉ ሌላ ስንቅ ይይዛል፤ ህዋሱ ውኃውን እንዳያጣ የሚረዱት ስኳሮችና ፕሮሊን፣ እንዲሁም በችግር ጊዜ የሚበዙትን ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች የሚያመክኑት ቫይታሚን ሲና ፍላቮኖይዶች ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ብርድ የነካው ጎመን ጣዕሙ የሚጣፍጠው በዚሁ ስኳር ምክንያት ነው። ውርጭና ድርቀት የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው፤ በረዶው በህዋሶቹ መካከል ሲሠራ ከውስጣቸው ውኃ ስለሚስብ፣ ውርጭ የመታው ቅጠል በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የተጠማ ቅጠል ነው።

ሽፈራው የጎመን ሩቅ ዘመድ ሲሆን እሱም ግሉኮሲኖሌት አለው። ጭማቂው ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ግን በተለይ ቅጠሉ ውስጥ ስላለው ዚያቲን ነው፤ ይህ ሆርሞን ቅጠል ቶሎ እንዳያረጅና አረንጓዴነቱን እንዳያጣ ያደርጋል። ከእሱ ጋር ቫይታሚን ሲ፣ ፖታሲየምና ካልሲየም አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ ርጭቱ ተክሉ ራሱ የጀመረውን ዝግጅት ያግዛል እንጂ የሞተ ህዋስ አያስነሳም።

በጠርሙሱ ላይ የታዘዘው 1 ሊትሩን በ30 ሊትር ውኃ መበጥበጥ ስለሆነ፣ ባለ 15 ሊትር የጀርባ መርጫዬ ለአንድ ሙሌት ግማሽ ጠርሙስ ይፈጃል። ከስምንት የጥቅል ጎመን መደቦች አራቱን በጭማቂው፣ አራቱን በንጹሕ ውኃ ረጨሁ፤ በአሥር በአሥር ቀን ልዩነት በጠቅላላው ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት ጠሉ ከደረቀ በኋላ። የመጀመሪያው ርጭት በከንቱ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። የጥቅል ጎመን ቅጠል በሰም የተሸፈነ ስለሆነ ፈሳሹ እንደ ሜርኩሪ ድቡልቡል እየሆነ ከቅጠሉ ጫፍ ወደ አፈሩ ይንከባለል ጀመር። ወዲያው ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨመርኩበት፤ ያን ጊዜ ቅጠሉን እንደ ስስ ሻሽ አለበሰው። ማነጻጸሪያው እንዳይዛባ በውኃ ለተረጩትም መደቦች ያንኑ ያህል ሳሙና አደረግሁ። ይህን ምክር በጠርሙሱ ላይ አላገኘሁትም፤ ለጎመን ለሚሸጥ ምርት ይህ ቀላል ግድፈት አይደለም።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ከባድ ውርጭ ሲመታ ሁሉም መደቦች ጠዋት ላይ ቅጠላቸው ደርቆ እንደ መስታወት ይንኳኳ ነበር። ልዩነቱ የታየው ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ በረዶው ሲቀልጥ ነው። ውኃ ብቻ በተረጩት መደቦች የውጭ ቅጠሎቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ በሦስተኛው ቀንም ጠርዛቸው ነጭቶ ደረቀ። ጭማቂው በተረጨባቸውም ጉዳት አልጠፋም፤ ሆኖም አብዛኞቹ ቅጠሎች እስከ ማታ ቀና ብለው ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ የውኃ ተራዬ በዘገየበት ሳምንትም የተረጩት ከቀትሩ መጠውለግ ቶሎ አገገሙ። በጎመኑ ጥቅል መጠን ላይ ግን ልዩነት አላየሁም፣ ክሽክሹም (የቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ትንሽ ተባይ) ሁለቱንም ወገን እኩል ወሮታል። ውርጭ ከመታው በኋላ የረጨሁት አንድ መደብ የአበሻ ጎመንም ምንም አልተሻለውም።

ሁለተኛው ጠርሙስ ቅሬታ አለበት። ወር ቆይቶ ስከፍተው ክዳኑ ተወጥሮ ነበር፤ ሽታውም የኮመጠጠ ነበር። የተመረተበትም የሚያበቃበትም ቀን አልተጻፈበትም፤ ሻጩን ብጠይቀው «የተፈጥሮ ስለሆነ አይበላሽም» አለኝ። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ትኩስ የሽፈራው ጭማቂ ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ ወይ በዕለቱ ይረጫል ወይ በበረዶ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ በጠርሙስ የሚሸጥ ከሆነ እንዴት እንደተጠበቀ ለገዢው መንገር ግዴታ ነው። ከየትኛው ሽፈራው እንደተጨመቀም አልተገለጸም። በኮንሶና በጋሞ ሃለኮ የሚባለው ሽፈራው አንድ ዝርያ ነው፣ ከሕንድ የመጣው ደግሞ ሌላ፤ ምርምሩ በብዛት የተሠራው በሕንዱ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ ቁጥር 1009 የዕፅዋት ማነቃቂያን የለየው ተክሉን በሚመግበው ንጥረ ነገር መጠን አይደለም፤ ተክሉ ምግቡን በአግባቡ እንዲጠቀምና ብርድና ድርቀትን እንዲቋቋም በማገዙ ነው። የእኛም ሻጮች ይህን ልዩነት ለገበሬው ቢነግሩት ማዳበሪያውን ትቶ ባዶ እጁን ባልቀረ።

ቆላ ያለ ሰው ቅጠሉን ከደጁ ቆርጦ፣ ወቅጦና በጨርቅ አጥልሎ በዕለቱ ሊረጭ ስለሚችል ይህን ጠርሙስ እንዲገዛ አልመክረውም። ሽፈራው በማይበቅልበት ደጋ ላለነው ግን ቀን የተጻፈበት ከተገኘ ይገዛል። እኔ ዘንድሮ አንድ ጠርሙስ ብቻ እገዛለሁ፤ በጥቅምት መጀመሪያ ከፍቼም ስምንቱንም መደብ ሳይሆን ቀዝቃዛው አየር ሌሊት ወርዶ የሚተኛባቸውን፣ ከወንዙ አጠገብ ያሉትን ሁለቱን የታችኞቹን መደቦች እረጭበታለሁ።