አሞሌ ወይስ ቀይ ብሎክ? ርጭት ወይስ ጀርባ ላይ የሚፈስ? ለግጦሽ ከብት ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው መስከረም ነው። ቡሬ የምላት ላሜ ከግጦሽ ስትገባ አፏ ያኝካል። ታመሰኳለች ብዬ ነበር። ጠጋ ስል ግን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የበግ አጥንት! እጄን አስገብቼ ሳወጣው ለሃጯ ክርኔ ድረስ ወረደ። ዞር ከማለቴ ደጃፍ ላይ የነበረውን የልጄን ኮንጎ ጫማ አነሳች።

በዚያው ሰሞን ዝንቡ ሌላ ጣጣ ነበር። ዓይኗ ሥር ተደርድሮ እንባዋን ይጠጣል። ስትታለብ እግሯን ታነሳለች፣ ጅራቷን ታወናጭፋለች። አንድ ቀን ጠዋት ማለቢያውን ከነወተቱ ደፋችው። የልጆቹ ቁርስ በባዶ ሻይ ሆነ።

ተናድጄ ገበያ ወጣሁ። ከአንድ ሱቅ ቀይ የማዕድን ብሎክ ገዛሁ። ከሌላው ደግሞ "ለሁሉም ነው" የተባልኩትን አንድ ጠርሙስ መድኃኒት። ቤት ገብቼ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ ብሎኩ 98 በመቶ ተራ ጨው ነው። ጠርሙሱ የመዥገር መድኃኒት ነው። እኔን መዥገር መች ቸገረኝ! እናንተ ያንን ብር እንዳታወጡ ነው ይህን የምጽፈው።

ጨዉን ስንገዛ

አሞሌን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአፋር ምድር የሚመጣ፣ በአንድ ዘመን ገንዘብም ሆኖ የኖረ ጨው ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ የሚወርድ ጎረቤት ካለ እኔም አስመጣለሁ። ርካሽ ነው። ድንጋይ ስለሆነ ካፊያ ቶሎ አያሟሟውም። ከብቷ እየላሰች ቀስ ብላ ነው የምትጨርሰው። ሣር ውስጥ ሶዲየም ጥቂት ነው፤ አንዲት ላም ደግሞ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል ጨው ትፈልጋለች። ያንን አሞሌ በደንብ ይሞላል። ከዚያ አልፎ ግን ብዙ አትጠብቁበት። አጥንት የሚያስቆረጥመው የፎስፎረስ እጥረት ነው፤ አሞሌ ፎስፎረስ አይሰጥም። እንደ ወጥ ቤት ጨው አዮዲን የተጨመረበትም አይደለም።

ቀዩ ብሎክስ? ቀለሙን የሚሰጠው ብረት ነው፤ የዝገት ቀለም ማለት ነው። የኛ አፈርና ሣር ብረት አይቸግረውም። ከብት ስትግጥ አፈሩንም አብራ ትልሳለች። እኔ የገዛሁት ዓይነት ብሎክ ስሙን የቀየረ አሞሌ ነው፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ። ሁሉም ቀይ ብሎክ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። መለያውን ገልብጡና ፎስፎረስ የሚለውን ፈልጉ። የራሴ መመዘኛ 6 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ቁጥሩ ጭራሽ ካልተጻፈ አልገዛም። ሻጩ "አለው አለው" ቢልም አልገዛም።

የዱቄት ማዕድን ድብልቅ በጥራት የተሻለው ነው። ፎስፎረስ፣ ካልሲየም፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ አዮዲን አንድ ላይ ይዟል። ችግሩ አያያዙ ነው። ክረምት ላይ እርጥበት ይስብና ድንጋይ ይሆናል፤ ጣሪያ ያለው ገንዳ ይፈልጋል። ሌላው ነገር ለደጋው ሰው ትልቅ ነው። ለላም የተሠራ ድብልቅ መዳብ አለው፤ በግ ደግሞ መዳብ አይችልም። ጉበቱ ውስጥ ሲጠራቀም ይቆይና አንድ ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጠቁሮ ይገኛል። ወረኢሉም ሆነ ለጋምቦ በግና ላም አንድ በረት የምታሳድሩ ሰዎች፣ ገንዳውን በግ በማይደርስበት ከፍታ ስቀሉት። ካልቻላችሁ ባትገዙት ይሻላል።

አሁን ወደ ወደድኩት ልምጣ፤ የአጥንት አመድ። የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው። ቡሬ አጥንት ስትበላ አየና "አብሽር ልጄ፣ የምትፈልገውን አውቃ ነው፤ አንተ አዘጋጅተህ ስጣት" አለኝ። እውነቱን ነው። አጥንት ካልሲየምና ፎስፎረስን በ2 ለ1 ግድም የያዘ ነው። ግን ጥሬውን አይደለም። ሜዳ ላይ የበሰበሰ አጥንት የምትቆረጥም ከብት ሰውነቷን በሚያሽመደምድ መርዝ ልትሞት ትችላለች። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት አጥንት ከሆነ ደግሞ ለእናንተም አይመለስም። ስለዚህ ለቤት የታረደ፣ ጤናው የታወቀ ከብት አጥንት ብቻ ነው የሚሰበሰበው። በምን እንደሞተ ያላወቃችሁትን ለማቃጠል ብላችሁም አትንኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። አጥንቱን በኃይለኛ እሳት ነጭ እስኪሆን ማቃጠል። ጥቁር ሆኖ ከቀረ ገና ነው። ነጩ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል፤ ልክ እንደ ጠመኔ። በሙቀጫ ወቅጦ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ ከተፈጨ ጨው ጋር እኩል በእኩል መደባለቅ። አሞሌ ከሌለ አዮዲን ያለውን የሱቅ ጨው ተጠቀሙ፤ እንደውም ይሻላል። ቡሬ መጀመሪያ አሽትታ ዞር አለች። ሁለተኛው ቀን ላይ ሳህኑን ገፍታ ግድግዳ አስደግፋ ላሰችው። ይህን ሥራ የጠላው አፍንጫ ብቻ ነው። የሚቃጠል አጥንት ሽታ ሰፈር ያስቆጣል፤ ከቤት ራቅ በሉ።

ዩሪያና ሞላሰስ ተቀላቅሎ የሚጋገረው ብሎክ እዚህ መደብ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሱቅ ላይ ግን ጎን ለጎን ስለሚደረደር ሰው ያምታታዋል። እሱ የሚሞላው የፕሮቲንን ጉድለት ነው። ከጥር ጀምሮ ከብቱ የጤፍና የማሽላ ገለባ ላይ ሲወድቅ ጥሩ ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለአህያና ለበቅሎ አይሰጥም። ውኃ ውስጥ አሟሙታችሁ አትስጡት። የተራበ ከብት ነክሶ እንዳይውጠው ደረቅና ጠንካራ መሆኑን በጥፍራችሁ ሞክሩት። ዩሪያ ሲበዛ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ፎስፎረስ ገንዘባችሁን የሚመልሰው ሣሩ ለምለም በሆነበት፣ ከብቱ ሥጋ በሚይዝበት ወቅት ነው። ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ጥቅምት፣ በልግ በዘነበበት አገር ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት። በደረቅ በጋ ከብቱ እየከሳ ሳለ ውድ ማዕድን መግዛት ብዙም አያነሳውም፤ የጎደለው ምግቡ ነውና። ያኔ ብሩን ፋጉሎ ላይ፣ ፉርሽካ ላይ ወይም ሞላሰሱ ላይ አውሉት። ከደሴና ከኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካዎች ፉርሽካ እያመጣችሁ የምትቀልቡ ከሆነማ ፎስፎረስ ሞልቷችኋል። ፉርሽካ በፎስፎረስ ሀብታም፣ በካልሲየም ግን ድሃ ነው። ለእናንተ የተፈጨ የኖራ ድንጋይና ጨው ይበቃል።

ዝንቡን ስንገዛ

መጀመሪያ ዝንቡን እዩት። ዓይን ላይ የሚሰፍረው አይነክስም፤ እንባና ንፍጥ ይልሳል፤ የዓይን በሽታ ከከብት ከብት ያዛምታል። እግር ላይ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ የሚቀመጠው ግን ደም መጣጩ ነው። ከብቷ መሬት የምትረግጠው በእሱ ነው። እንደ ጉርብርብ ያለውን፣ ቆዳ ላይ እብጠት የሚያወጣውን በሽታ ከሚያስተላልፉት አንዱም ነው። ለጉርብርብ ክትባት ስላለ መድኃኒት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

እኔን የሸወደኝ አሚትራዝ ነው። ለመዥገር ጎበዝ ነው፤ 12.5 በመቶው ለ1 ሊትር ውኃ 2 ሚሊ ሊትር ይበጠበጣል። ለዝንብ ግን ደካማ ነው። ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያም አደገኛ ነው፤ አንጀታቸውን ያስራል። ቆቦና ከሚሴ አካባቢ መዥገር የሚያስቸግራችሁ ግዙት። ለዝንብ ብላችሁ አትግዙት።

ዳያዚኖን ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል። ዝንብም መዥገርም ይገድላል። እኔ ግን ቤቴ አላስገባውም። ለሰው መርዝ ነው። በቆዳ ይገባል፣ በትንፋሽ ይገባል። መርጫውን በጀርባ ተሸክሞ፣ ያለ ጓንት፣ ነፋሱ ፊት ለፊት እየነፈሰ የሚረጭ ልጅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ምራቅ ማዝረብረብ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ትንፋሽ ማጠር ካያችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ለምትታለብ ላም ደግሞ ወተቱ የሚደፋበትን ቀን መቁጠር ግድ ነው።

ደልታሜትሪን ያለበት ጀርባ ላይ የሚፈሰው ነው የኔ ምርጫ። ውኃ አይፈልግም፣ መርጫ አይፈልግም። ከሻኛው ጀምሮ በአከርካሪው እስከ ጅራቱ ሥር ቀጭን መስመር ታፈሳላችሁ፤ በቃ። ዝንቡን ለጥቂት ሳምንታት ያርቃል። ጠርሙሱ ሲታይ ውድ ነው፤ ሒሳቡን ግን ሥሩ። 1 በመቶ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። ለ250 ኪሎ ላም 25 ሚሊ ሊትር ይሆናል። 1 ሊትር 40 ከብት ይበቃል ማለት ነው። ብቻውን 40 ከብት ያለው ማን አለ? እኛ ሰባት ቤት ሆነን አዋጥተን ገዛን። ግጦሹ የወል ስለሆነ እንዲያውም ይህ ነው የሚያዋጣው፤ የኔ ላም ብቻ ብትቀባ የጎረቤት ዝንብ ይመጣል። ዝናብ ሊጥል ሲል አትቀቡ። ጓንት አድርጉ። የወተቱን ቀን ከመለያው አንብቡ፤ እንደ ምርቱ ይለያያል። ይህ መድኃኒት ዓሣና ንብ ይፈጃል። ሐይቅ ዳር ያላችሁ ጠርሙሱን ወንዝ ውስጥ አትጠቡ፤ ቀፎ ያላችሁም ተጠንቀቁ።

የአይቨርሜክቲን መርፌ ለትልና ለእከክ ነው። ዝንብን ከላሟ ላይ አያባርርም። ወተቷ ለሚጠጣ ላም አይወጋም። እበት የሚገፋውን ጥንዚዛም ይጎዳል፤ እሱ ደግሞ እበቱን እየቀበረ ዝንብ የሚከለክልልን ወዳጃችን ነው።

ውጭ አገር ያለ የእህቴ ልጅ ደውሎ "እዚህ ዝንብ የሚገድል የማዕድን ጨው አለ፣ ልላክ?" አለኝ። እውነት አለ። ጨው ውስጥ ሜቶፕሪን የሚባል ነገር ይገባል። ከብቷ ትልሰዋለች፣ በእበቷ ይወጣል፣ እዚያ ያለው የዝንብ እጭ ሳያድግ ይቀራል። ግን የሚሠራው ትኩስ እበት ላይ በሚፈለፈለው አንድ የቀንድ ዝንብ ላይ ነው። ጓሮ ክምር ውስጥ የሚያድገውን ደም መጣጭ አይነካም። የመንደሩ ከብት ሁሉ ካልላሰም ከንቱ ነው። "ይልቅ ጥሩ ጓንት ላክልኝ" አልኩት።

ከሁሉም የሚያዋጣው ደግሞ አይሸጥም። ዝንብ በሞቀ ጊዜ ከእንቁላል እስከ ክንፍ እንደ ዓይነቱ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይበቃዋል። በበጋ እናቶቻችን እበቱን በየቀኑ ጠፍጥፈው ኩበት ሲያደርጉት፣ ፀሐዩ እጩን ያደርቀዋል። ዝንቡ የሚፈላው ክረምት ላይ ነው፤ ኩበት ስለማይደርቅ እበቱ ጓሮ ይከመራል። ወሎ በልግም ስለሚዘንብ ጣጣው በዓመት ሁለቴ ነው። እኔ ክምሩን አሁን በላስቲክ ሸፍኜ ዳሩን በድንጋይ እጫናለሁ። ውስጡ ይግላል፣ እጩ ይሞታል፣ ለመኸር ብስባሽ ይሆነኛል። ላስቲኩን ስገልጠው የሚወጣውን እንፋሎት ብታዩት!

የዘንድሮ ግዢዬ አንድ አሞሌ፣ ግማሽ ኩንታል የማይሞላ የአጥንት አመድና የሰባተኛ ድርሻ ጠርሙስ ነው። ቀዩ ብሎክ አላለቀም፤ በሬዎቹ ይልሱታል። ቡሬ አጥንት ተወች። ኮንጎ ጫማውን ግን እስካሁን ከፍ አድርገን ነው የምንሰቅለው።