አቅዶ መጻፍ ወይስ እንደመጣ መጻፍ?

ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ጸሐፊዎችን አርክቴክት (አቅዶ የሚጽፍ) እና አትክልተኛ (እንደመጣለት የሚጽፍ) ብሎ ለሁለት ይከፍላቸዋል። እናንተስ የትኛው ናችሁ?

ድካም፦ አቅዶ የሚጽፍ ቀድሞ ይለፋል። እንደመጣለት የሚጽፍ ቶሎ ይጀምራል፤ ልፋቱ እርማት ላይ ይጠብቀዋል። ሙሉ ምዕራፍ መጣልም አለ።

ስጋት፦ ዕቅድ በጣም ጥብቅ ሲሆን ገጸ ባሕርያቱ አሻንጉሊት ይሆናሉ። ያለ ዕቅድ ደግሞ መሃል ላይ መንገዱ ይጠፋል። እኔ ሁለተኛውን ስጋት እመርጣለሁ። ገጸ ባሕርይዋ ያላሰብኩትን ስትናገር እጄ ይፈጥናል፤ ያንን ደስታ ከዕቅድ አላገኘሁትም።

የወንጀል ምርመራ ታሪክ ከሆነ ፍንጮቹ መጨረሻ ላይ መግጠም አለባቸው፤ አቅዱ። በአንድ ሰው ስሜት ላይ ለሚያጠነጥን አጭር ልብ ወለድ ግን ብዕሩን ልቀቁት። ካላወቃችሁ አንዱን ታሪክ በሁለቱም መንገድ ጀምሩት። በማግስቱ የትኛውን ለመቀጠል እንደቸኮላችሁ እዩ።