የሊኑክስ ከርነል የሜሞሪ ዶክመንቴሽን፦ ለአድሚን ሙሉ፣ ለከርነል ጸሐፊ ግማሽ

የሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሜሞሪን እንዴት እንደሚያስተዳድር የሚያስረዳው ዶክመንቴሽን ከኮዱ ጋር አብሮ ይወርዳል። አንድ ወጥ መጽሐፍ አገኛለሁ ብሎ የሚከፍተው ሰው ግን ቶሎ ግራ ይገባዋል። ጽሑፉ ዋና ዋና ሦስት ቦታ ተበትኗል፦ ሰርቨር ለሚያስተዳድር «አድሚን ጋይድ» ሥር፣ የሜሞሪውን ኮድ ለሚነካ «ኤምኤም» ፎልደር ውስጥ፣ ከከርነሉ ሜሞሪ ለሚጠይቅ የድራይቨር ጸሐፊ ደግሞ «ኮር ኤፒአይ» ውስጥ። «ኤምኤም» እስከ 2022 ድረስ ስሙ «ቪኤም» ነበር፤ ከቨርቹዋል ማሽን ጋር እንዳይምታታና ከኮዱ ፎልደር ጋር እንዲገጥም ተቀየረ። ድሮ የተቀመጠ ሊንክ አልከፈት ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የአድሚኑ ክፍል ያለ ጥርጥር ጥሩ ነው። ከሁሉም «ፔጅማፕ» የሚለው ገጽ ይበልጣል። የአንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) እያንዳንዱ ቨርቹዋል ፔጅ፣ ማለትም የአድራሻው ቁራሽ፣ ፔጅማፕ በሚባለው ፋይል ውስጥ 64 ቢት መዝገብ አለው፤ ገጹ ቢቶቹን አንድ በአንድ ያስረዳል። ፔጁ ራም ላይ ካለ ከ0 እስከ 54 ያሉት የፍሬሙን (ፔጁ ያረፈበትን የራም ቦታ) ቁጥር ይይዛሉ፣ 55 ሶፍት ደርቲ (ፔጁ ተጽፎበት እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት) ነው፣ 62 ወደ ስዋፕ (ራም ሲጠብ ፔጅ የሚወጣበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ዲስክ ላይ ያለ ቦታ) መውጣቱን፣ 63 ራም ላይ መኖሩን ይናገራል። የገጹ ትልቁ ዋጋ ግን ከቢቱ ጎን የተጻፈው፣ ቢቱ የጀመረበት የከርነል ቨርዥን ላይ ነው፦ ቢት 61 ከ3.5፣ 56 ከ4.2፣ 57 ከ5.13 ጀምሮ። የፍሬም ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ የሚመጣበት ምክንያትም እዚያው አለ። በ4.0 እና በ4.1 ተራ ተጠቃሚ ፋይሉን ልክፈት ሲል ይከለከል ነበር፤ ከ4.2 ወዲህ ይከፈትለታል፣ ቁጥሩ ግን ይደበቃል፤ መነሻው ሮውሃመር የሚባለው፣ የራም ረድፍን ደጋግሞ በመንካት የጎረቤቱን ቢት የሚገለብጠው ጥቃት ነው። ይህን ያላነበበ ፕሮግራመር ዜሮውን የራሱ ስህተት አድርጎ ቀኑን ሙሉ ዲበግ ሲያደርግ ይውላል።

ከርነሉ ወደ ስዋፕ ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚወስነው ቁጥር፣ «ስዋፒነስ»ም እንዲሁ በደንብ ተይዟል። ብዙ ሰው አሁንም ከ0 እስከ 100 ያለ ፐርሰንት ነው ብሎ ያወራል፤ ዶክመንቴሽኑ ግን በ5.8 የመጣውን ለውጥ ይዟል። ወሰኑ ከ0 እስከ 200 ነው፣ ሳይነካ 60 ላይ ይቀመጣል፣ የሚለካውም ስዋፕ ማድረግ ከፋይል ፔጅ ማንበብና መጻፍ ጋር ሲተያይ የሚያስከትለውን የአይኦ (የማስገባትና የማስወጣት ሥራ) ወጪ ነው። 100 ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ገጹ ስሌቱን ጭምር ይሰጣል፦ ስዋፑ ከፋይል ሲስተሙ እጥፍ የሚፈጥን ከሆነ 200ን ለሦስት ከፍሎ ሁለቱን እጅ መውሰድ፣ ማለትም 133። ዜድራም ወይም ዜድስዋፕ (ስዋፑን ጨምቀው ራም ላይ የሚይዙ) ለሚጠቀም ማሽን ከ100 በላይ መሄድ ያስኬዳል ይላል። ዜሮ ማድረግም ስዋፕን ማጥፋት አይደለም፤ ነጻውና የፋይሉ ፔጅ ተደምሮ ከዞኑ (ከራሙ ክፍል) ከፍተኛ የውሃ ልክ (ነጻ ሜሞሪ የሚመዘንበት ወሰን) በታች ሲወርድ ከርነሉ ስዋፕ ማድረጉን ይጀምራል።

«ኮር ኤፒአይ» ውስጥ ያለው የሜሞሪ አጠያየቅ መመሪያ አጭር ነው፤ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ከሌላው በፊት ይህን ያንብብ። መጠኑ ከአንድ ፔጅ ካነሰ ኬማሎክ የሚባለው ፋንክሽን፣ ትልቅ ሆኖ በራም ላይ መያያዝ ካላስፈለገው ቪማሎክ፣ የትኛው እንደሚያዋጣ ካልታወቀ ኬቪማሎክ። መተኛት (ቆሞ መጠበቅ) በማይቻልበት ቦታ፣ ካልተገኘም ሌላ መላ ካለ፣ ጂኤፍፒ ናውዌት የሚባለው የአጠያየቅ ምልክት ይበቃል ብሎ ይመክራል። ጂኤፍፒ አቶሚክ የመጠባበቂያውን ሜሞሪ ስለሚነካ እንደ ጨው በየቦታው የሚነሰነስ ነገር አይደለም።

ችግሩ «ኤምኤም» ውስጥ ነው። በ2022 የመጽሐፍ ዓይነት ማውጫ ተሠራለት፤ ፔጅ አሎኬሽን፣ ስዋፕ፣ ፔጅ ካሽ እያለ ምዕራፎቹ ተሰደሩ። ብዙዎቹ ግን ከርዕሳቸው ሥር ምንም ሳይጻፍባቸው ዓመታት አለፉ። ርዕስ አይቶ የገባ አንባቢ ባዶ ቤት ያገኛል። ከተሞሉት ውስጥ ስለ ፕሮሰስ አድራሻዎች የሚናገረው ምዕራፍ ምስጋና ይገባዋል። ከርነል 6.4 ለእያንዳንዱ ቪኤምኤ (የፕሮሰሱ አንድ ተከታታይ የአድራሻ ክልል) የራሱን ሎክ (ሁለት ሥራ አንድን ነገር በአንዴ እንዳይነካ የሚያግድ ቁልፍ) ካመጣ በኋላ የትኛው ሎክ ከየትኛው በፊት እንደሚያዝ የሚያወላውል ሰው ብዙ ነበር፤ ምዕራፉ ቅደም ተከተሉን ቁጭ ያደርገዋል። የቪኤምኤው የመጻፊያ ሎክ ለብቻው እንደማይለቀቅ፣ የኤምማፕ፣ ማለትም የመላው የአድራሻ ቦታ፣ የመጻፊያ ሎክ ሲለቀቅ አብሮ እንደሚለቀቅም እዚያ ተጽፏል። ኮዱን ብቻ አይቶ ይህን ማወቅ ቀላል አይደለም።

ይህን ዶክመንቴሽን ማደስ የሚፈልግ ሰው ስህተቱ የት እንደሚደበቅ ለማወቅ «ማክስ ኦርደር»ን ይመልከት፤ ከርነሉ በአንዴ የሚሰጠውን ትልቁን የተያያዘ የፔጅ ብዛት የሚወስን ቁጥር ነው፣ ኦርደሩም የፔጁ ብዛት 2 ስንት ጊዜ ተባዝቶ እንደሚገኝ ይናገራል። ድሮ 11 ነበር፤ ወሰኑ ራሱ ስለማይቆጠር ትልቁ ኦርደር 10፣ ማለትም 1024 ፔጅ፣ በ4 ኪሎባይት ፔጅ 4 ሜጋባይት ነበር። በ6.4 ቁጥሩ 10 ሆነና ወሰኑ ራሱ መቆጠር ጀመረ። ስሙ አልተለወጠም፣ ትርጉሙ ግን በአንድ ተንሸራተተ። «ከማክስ ኦርደር በታች» ብሎ የሚዞር ከዛፉ (ከዋናው የከርነል ኮድ) ውጭ ያለ ድራይቨር ያለ ምንም ስህተት ኮምፓይል ይሆናል፤ ትልቁን መጠን ግን ዝም ብሎ ይዘለዋል። በ6.8 ስሙ «ማክስ ፔጅ ኦርደር» የተባለው አሮጌው ኮድ ኮምፓይል ላይ እንዲወድቅና ሰው እንዲያስተውል ነው። ከ6.4 በፊት የተጻፈ ማብራሪያ ላይ ስሙን ብቻ ተክቶ መሄድ ስህተቱን አዲስ ልብስ ማልበስ ነው፤ «በታች» የሚለው ቃልም አብሮ መታረም አለበት።

ፋንክሽንን የሚያስረዳው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በሲ ፋይሉ ውስጥ ባለ ኮመንት ላይ ነው፤ ድረ ገጹ ከዚያ ይቀዳዋል። ስለዚህ የሚታረመው ኮመንቱ ነው። ፓራሜተር ተጨምሮ ኮመንቱ ላይ ካልተጻፈ ከርነል ዶክ የሚባለው ኮመንት አንባቢ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ፋንክሽኑ ሊተኛ ይችል እንደሆነ፣ የትኛውን ሎክ ይዞ መጠራት እንዳለበት ሳይገለጽ ከቀረ ግን ማንም አይናገርም፤ በሜሞሪ ኮድ ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ለሙከራ ሙሉውን መገንባት ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ገጾቹን ለሚሠራው ስፊንክስ ለሚባለው መሣሪያ «ስፊንክስ ዲርስ» ላይ «ኤምኤም» ብሎ ያን ፎልደር ብቻ መገንባት ይሻላል። አዲስ ገጽ ማውጫው ውስጥ ካልገባ፣ ከርዕስ ሥር ያለው መስመር ከርዕሱ ካጠረ ስፊንክስ ወዲያው ያጉረመርማል። ፋይል ከቦታው ከተነሳ ደግሞ «ሜክ ሪፍቼክዶክስ» የተሰበሩትን ጥቆማዎች ያሳያል።

ፓቹ (የለውጡ ጽሑፍ) የሚላክለትን ሰው የሚነግረው «ጌት ሜይንቴይነር» የሚባለው ስክሪፕት ነው። የ«ኤምኤም» ዶክመንቴሽን ፓች ብዙ ጊዜ የሚገባው በሜሞሪው ዛፍ በኩል ስለሆነ ለዶክመንቴሽን ሰዎች ብቻ የተላከ ፓች ባለቤት አጥቶ ሊሰነብት ይችላል። በፓቹ ማብራሪያ ውስጥ የኮድ ለውጡን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) መጥቀስም ያግዛል፤ ገምጋሚው አዲሱን አረፍተ ነገር ከአዲሱ ኮድ ጋር የሚያስተያየው በዚያ ነው።