ክሊፕሽ አርፒ-600ኤም ስፒከር ከያማሃ ኤ-ኤስ301 አምፕሊፋየር ጋር፦ ለባሕር ዳር ሳሎን ይስማማሉ?

ይስማማሉ፤ በዋት ብዛት ግን አይደለም። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ አምፕሊፋየር ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ዋት ነው?" ብሎ ነው። ለዚህ ስፒከር ጥያቄው ብዙም አይጠቅም። አምራቹ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 96 ዴሲቤል ያወጣል ይላል። 3 ሜትር ርቆ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው 9 ዴሲቤል ያህል ቢቀነስ እንኳ፣ ቡና እየተጠጣ ለሚሰማ ሙዚቃ አንድ ዋት ይተርፋል። ከ50 ወደ 100 ዋት መውጣት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ያቺ የመጀመሪያዋ ዋት ንጹሕ መሆኗ ነው። ሙዚቃ ሳይከፈት ጆሮን ወደ ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ክፍል፣ አስጠጉ። "ሽሽሽ" የሚለው ድምፅ ከሶፋው ድረስ ከተሰማ ያ አምፕሊፋየር ለዚህ ስፒከር አይሆንም። ቲፒኤ3116 ቺፕ ያለባቸው ርካሽ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ የመውጫ ማጣሪያቸው ብዙ ጊዜ ለ4 ኦም (ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) የተሰላ ስለሆነ፣ 8 ኦም ስፒከር ሲታሰርበት የትሬብሉ፣ ማለትም የቀጭኑ ድምፅ፣ ጫፍ ከፍ ይላል። ትሬብሉ ቀድሞውንም ለበዛ ስፒከር ይህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ወረብ ከፍታችሁ ጸናጽሉን ስሙት፤ በደህና አምፕሊፋየር ቀለበቶቹ ሲንቃጨሉ ለየብቻ ይሰማሉ፣ በመጥፎው ቆርቆሮ ላይ የፈሰሰ ጠጠር ይመስላሉ።

ባለ 8 ዋት የቫልቭ (የድሮው ዓይነት የመስታወት ቱቦ ያለው) አምፕሊፋየርም ይህን ስፒከር በደንብ ያስጮኸዋል። ነገር ግን የመውጫ ተቃውሞው ከፍ ስለሚል የስፒከሩ ኦም በወጣና በወረደ ቁጥር ድምፁም አብሮ ይቀያየራል። "ቫልቭ ድምፅ ያለሰልሳል" የሚባለው ሁልጊዜ አይሠራም።

ያማሃው በ8 ኦም 60 ዋት በጎን ይሰጣል። ዋጋ የሚያሰጠው ግን ላውድነስ ቁልፉ ነው። ብዙ ሰው ባስ መጨመሪያ ይመስለዋል፤ አይደለም። "ፍላት" ላይ አድርጉት፣ ዋናውን የድምፅ መጠን ቁልፍ መስማት እስከምትፈልጉት ትልቁ መጠን አንሡ፣ ከዚያ መቀነስ ሲያሻችሁ በላውድነሱ ቀንሱ። በተለይ የመሃሉን ድምፅ ስለሚቀንስ ማታ ሕፃን ተኝቶ እንኳ ከበሮው አይጠፋም። ሌላም ትርፍ አለው፦ ዋናው ቁልፍ መነሻው አካባቢ ግራና ቀኙ እኩል ላይሆን ይችላል፤ በዚህ መንገድ ግን ከፍ ብሎ ይቆያል። "ፒዩር ዳይሬክት" ከበራ ላውድነሱም ባስና ትሬብሉም እንደማይሠሩ አትርሱ።

ሴራሚክ ወለልና ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ያለው ሳሎን በአምፕሊፋየር አይድንም። ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፤ ትዊተሮቹም ፊት ለፊት ጆሮ ላይ ከሚያነጣጥሩ ትንሽ ወደ ውጭ ዞር ይበሉ። ባሱ ከሳሳ ስፒከሩን ወደ ግድግዳው አስጠጉት፤ የኋላ ቀዳዳው እንዳይታፈን ግን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅር። ከዚያ በኋላም ድምፁ ጆሮ ከወጋ ትሬብሉን በትንሹ ቀንሱ። ሽቦው 1.5 ካሬ ተራ የመብራት ገመድ ይበቃል። የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ከተገላበጠ ባሱ ይጠፋል፤ ያኔ ጥፋቱ ያለስሙ ለአምፕሊፋየሩ ይሰጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ከአሜሪካ የመጣው 120 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር የእኛ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመጣም ቮልቴጁ እስኪረጋ ትንሽ ጠብቁ።